ላፕቶፕዎ አልከፈት ቢል ‘ፎርማት’ ከማስደረግዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ ነገሮች

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ ወይም የዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ላፕቶፕ አልከፈት ቢል የሚፈጥረው ድንጋጤ ቀላል አይደለም። ብዙዎችም በቀጥታ ወደ ጥገና ቤት ያመራሉ።

እዚያ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ “ፎርማት ይደረግ” የሚል ነው። ይህ ኮምፒውተሩን ሊያስነሳው ይችላል፤ ነገር ግን ሰነዶችና ፎቶግራፎች አስቀድመው ካልተገለበጡ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

አልከፈት ያለ ላፕቶፕ ሁሉ በውስጡ የያዘውን አጥቷል ማለት አይደለም። ችግሩ የቻርጀር፣ የስክሪን ወይም የሶፍትዌር ከሆነ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ።

ሲበራ ምን ይከናወናል?

የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ወደ ዋናው ሰሌዳ ይደርሳል። ቀጥሎ በሰሌዳው ላይ ያለ አነስተኛ ፕሮግራም ራምን፣ ኪቦርድንና ስክሪንን ይፈትሻል።

ከዚያም ዲስኩን ፈልጎ እንደ ዊንዶውስ ያለውን ስርዓተ ክወና ያስነሳል። ላፕቶፑ ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደቆመ መለየት ግማሽ መፍትሔ ነው።

ምንም የሕይወት ምልክት ከሌለው

መብራትም ድምፅም ከሌለ በቅድሚያ ኃይልን ይጠርጥሩ። ሌላ ሶኬት፣ ከተቻለም ለላፕቶፑ የሚስማማ ሌላ ቻርጀር ይሞክሩ። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዋዥቅበት አካባቢ ቻርጀር ቶሎ ሊበላሽ ይችላል።

ካልሠራ ቻርጀሩን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወግዳል። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተው እንደገና ያብሩት።

ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን ቻርጅ ማድረግ፣ መጫንም ሆነ መብሳት አደገኛ ነው፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

መብራት እያለው ስክሪኑ ከጨለመ

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ያገናኙት። ምስል ከታየ ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ስክሪኑ ወይም ገመዱ ነው።

ተደጋጋሚ ጩኸት ወይም ብልጭታ ካለ ቁጥሩን ይመዝግቡ። ትርጉሙ እንደ አምራቹ ቢለያይም ጥፋቱ የራም ይሁን የሌላ አካል ለባለሙያው ይጠቁማል።

ዓርማው ታይቶ ከቆመ

የአምራቹ ዓርማ ከታየ በኋላ የሚቆም ከሆነ በመጀመሪያ ፍላሽ ዲስክና ሌሎች የተሰኩ ነገሮችን ይንቀሉ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ፍላሹ ላይ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ በተደጋጋሚ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጽ ያቀርባል። ከዚያ የማስነሻ ጥገናውን፣ ቀጥሎም በጣም አስፈላጊ የሆኑ ፕሮግራሞችን ብቻ የሚያስነሳውን ‘ሴፍ ሞድ’ መሞከር ይቻላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ሐምሌ 12/2016 ዓ.ም. የተከሰተው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው ስህተት ያለበት ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አስተጓጉሏል። በረራዎች ተሰርዘዋል፤ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራም ተስተጓጉሏል።

ሆኖም መፍትሔው ፎርማት አልነበረም። በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ባለሙያዎች በሴፍ ሞድ ገብተው ችግር የፈጠረውን ፋይል ብቻ በመሰረዝ አስነስተዋቸዋል።

የ48 አሃዙ ቁልፍ

በዚያው ወቅት በርካታ ተቋማትን ያዘገየው ሌላ ነገር ነበር። ዲስካቸው ‘ቢትሎከር’ በተባለው መቆለፊያ የተጠበቀ ኮምፒውተሮች ወደ ጥገናው ከመግባታቸው በፊት 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቁ ነበር።

በበርካታ አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይ ተመሳሳይ መቆለፊያ ባለቤቱ ልብ ሳይለው ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል።

ቁልፉ ከጠፋ ማይክሮሶፍትም ቢሆን ሊተካልዎ አይችልም። ስለዚህ ላፕቶፑ በሚሠራበት ጊዜ ቁልፉን ፈልጎ በወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ወደ ባለሙያ ሲወስዱት

ሃርድ ዲስኩ የመንኳኳት ወይም የመፋጨት ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ ያጥፉት። በእያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል።

ለጥገና ሲሰጡ ‘ፋይሎቼ ሳይገለበጡ ምንም እንዳይሰረዝ’ ብለው በግልጽ ይንገሩ፤ ቢቻል በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ባለሙያው ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ወይም ከፍላሽ ላይ በሚነሳ ሊነክስ አማካኝነት ፋይሎቹን መገልበጥ ይችላል። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ ግን ለዚህም ቁልፉ ያስፈልጋል።

ዘላቂው መከላከያ ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት አስፈላጊ ሰነድ በ3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ደግሞ ከቤት ወይም ከቢሮ ውጪ እንዲቀመጥ ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻም ለዚህ ያገለግላል። ላፕቶፕ በሌላ ይተካል፤ የዓመታት ሥራ ግን በቀላሉ አይተካም።