የሐይቅ ውሃ ጥቃቅን ምስክሮች

ሰው የውሃን ደግነት የሚመዝነው በዓይኑና በምላሱ ነው፤ ጠርቶ ካየውና ጣዕሙ ካልከፋው ጤናማ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ነገር ግን ካድሚየም፥ እርሳስ፥ ክሮምና መዳብን የመሳሰለው የማዕድን መርዝ በጠራ ውሃ ውስጥ ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ከሰው ዓይን የበለጠ ምስክር ያስፈልጋል፤ ይህም ምስክር የሚገኘው ከዚያው ከውሃው ውስጥ ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የሚደርስበት የሐይቅ ውሃ፥ ከአምባሰል አገር አጠገብ በተራሮች መካከል ተኝቶ ይታያል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም በዳርቻው ይገኛል። ይህ ሐይቅ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍና ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ አይታይም። የገባበት ማዕድንም እንደ ቅጠል የሚበሰብስ ስላይደለ በደለሉ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል።

በእንደዚህ ያለ ውሃ ውስጥ ከሸርጣን ወገን የሆኑ፥ ቅርፊት የለበሱ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዷ ዳፍንያ ናት፤ ትልቋ እንኳ ከ5 ሚሊ ሜትር እምብዛም አታልፍም። ፈረንጆች ስለ አዘላለሏ የውሃ ቁንጫ ይሏታል። ሥራዋ ግን ከመጠኗ ይበልጣል፤ አልጌ የሚባለውን ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፅ ከውሃው እያጣራች ትበላለች፥ እርሷም በተራዋ ለዓሣ ምግብ ትሆናለች።

የእነዚህ ፍጥረታት መጉደል ምን እንደሚያመጣ ሐይቅ ራሱ አሳይቶናል። በ1961 ዓ.ም. ገደማ ወደ ውሃው የተሰደደ መለኪያ እስከ 9 ሜትር ድረስ ይታይ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከገባ በኋላ ግን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ፥ መለኪያው ከ1 ሜትር ጥቂት ሲያልፍ ከዓይን ይሰወር ጀመር። ሊቃውንትም ለዚህ ከሰጡት ዋና ምክንያት አንዱ፥ ዓሣው አልጌውን የሚበሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ማጥፋቱ ነው። ዓሣው ለብዙ ሰው እንጀራ ስለ ሆነ ይህን የምንጽፈው እርሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዓሣ ያደረገውን ጉድለት መርዝም ሊያደርገው እንደሚችል ለማስረዳት ነው እንጂ።

መርዙ ወደ ዳፍንያ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ በምትተነፍሰው ውሃ፥ ሁለተኛው በምትበላው አልጌ። መዳብ ሰውነቷ ጨውን ከውሃ እንዳይስብ ይከለክለዋል፤ ካድሚየምም የካልሲየምን መግቢያ ይሻማል። እርሷም ዝም ብላ አትሸነፍም። በሰውነቷ ውስጥ ማዕድኑን የሚያስር ፕሮቲን ትሠራለች፥ ከፊሉንም አሮጌ ቅርፊቷን ስትጥል አብራ ትጥለዋለች። ነገር ግን ለዚህ መከላከያ የምታወጣው ኃይል ከልጆቿ ድርሻ የሚቀነስ ነው። በዚህም ምክንያት መርዙ ገና ሳይገድላት አመጋገቧ ይዘገያል፥ የምትወልዳቸውም ልጆች ያንሳሉ። በሐይቁ ላይ የሞተ ዓሣ ሳይንሳፈፍ አስቀድሞ የሚታየው ምልክት ይህ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ፍጥረቷን ሚዛን አድርገዋታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. በርቲል አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ በፋብሪካ ፍሳሽ የሚገኙ ነገሮችን መርዝነት በዳፍንያ መዝኖ ጽፏል። ዛሬም በብዙ አገር በጸናው ሥርዓት፥ ከተወለዱ አንድ ቀን ያልሞላቸው ዳፍንያዎች ለ48 ሰዓት በሚመረመረው ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መዋኘት ያቃታቸውም ይቈጠራሉ። በረጅሙ ምርመራ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ የተወለዱት ልጆች ይቈጠራሉ።

አንባቢ ይህ ነገር ለወሎ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ምን ያደርግለታል ይል ይሆናል። ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው በኮምቦልቻ፥ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በለዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ በተደረገው ምርመራ፥ ከቆዳና ከብረት ሥራ ፍሳሽ ጋር የተያያዘ ክሮምና ዚንክ ተገኝቷል። ያ ውሃ ወደ ቦርከና ይወርዳል እንጂ ወደ ሐይቅ አይመጣም። ይሁን እንጂ ከተማ ሲሰፋ፥ ያለቀ ባትሪ፥ የጋራዥ ዘይትና የእርሻ መድኃኒት በየጎርፉ ሲጣል፥ መውጫ የሌለው ሐይቅ ከወራጁ ወንዝ ይልቅ የሚያሰጋው ይሆናል። ወንዝ ፍሳሹ ቢቋረጥለት ውሃው ይታደሳል፤ ሐይቅ ግን የተቀበለውን ለረጅም ዘመን ይይዛል።

ስለዚህ ሐይቁ ገና ደኅና ሳለ ጥቃቅን ፍጥረታቱ በየጊዜው ተቈጥረው ቍጥራቸው ይመዝገብ። የመርዙም ወሰን በራሱ በሐይቁ ውሃ ይፈተን፤ የውሃው ጨውና ኮምጣጣነት እየተለያየ የመርዙን ኃይል ስለሚለውጠው፥ የሌላ አገር ልክ ለእኛ ላይስማማ ይችላልና። ለዚህም ሥራ የሚያስፈልገው በይበልጥ ወንፊት፥ ማጉያ መነጽርና የሚተጋ ሰው ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትን ምክር እዚህ ላይ ብንፈጽመው፥ ለሚመጣው ትውልድ ሊጠጣውና ሊያጠምድበት የሚችል ውሃ እናወርሰዋለን።