የቻይና ከተሞችና እንግዳ ነጋዴ

ከቻይና የሚመለሱ ነጋድያን የሚያወሩትን የሰማ ሰው ሁሉም ወደ አንድ አገር የሄዱ አይመስለውም። አንዱ «ሕዝቡ ሰው አክባሪ፣ ገበያው ክፍት፣ ሌሊቱም ሰላም ነው» ይላል። ሌላው «ፊታቸው የማይፈታ፣ እንግዳን እንደ ትርኢት የሚያዩ፣ ሆቴል እንኳ የሚከለክሉ ናቸው» ሲል ያማርራል። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ስለ ሆነ ከመካከላቸው ሐሰተኛ የሚባል የለም። ነገር ግን ዕቃ ከየትኛው ከተማ እንደሚታዘዝ፣ ወኪል የት እንደሚቀመጥ፣ ቀብድ ለማን እንደሚከፈል የሚቈረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ዐይነቱ ወሬ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ለአስመጪውም ለላኪውም ለባለሱቁም የሚጠቅም ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የአንድ ሰው ወዳጅነት ሌላ፣ የአንድ ከተማ ሥርዓትም ሌላ መሆኑ ነው። እንግዳው ሁለቱን ለይቶ ካልመዘነ፣ ፈገግታ ባየበት ስፍራ ገንዘቡን ያጠፋል፤ ፊት በተነሣበት ስፍራም መልካም ገበያ ጥሎ ይሄዳል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለምን ትኵር ብለው ያያሉ?

በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዋናው የቻይና ምድር ሲኖሩ የተገኙት የውጭ አገር ዜጎች 845 ሺህ 697 ነበሩ። የአገሩ ሕዝብ ግን 1 ቢሊዮን 411 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይኸውም ከ1 ሺህ 600 ሰው መካከል አንድ የውጭ አገር ሰው እንኳ አይገኝም ማለት ነው። እነዚያም ጥቂቶቹ የሚበዙት በታላላቆቹ የንግድ ከተሞችና በጠረፍ አውራጃዎች ነው። እንግዲህ ከባሕር ርቆ በሚገኝ ከተማ የሚኖር ሽማግሌ እንግዳውን ቆሞ ቢመለከተው፣ «ላዎዋይ» እያለ ለጎረቤቱ ቢያመለክተው፣ ወጣቶችም አብረን ፎቶግራፍ እንነሣ ብለው ቢለምኑት ሊያስደንቅ አይገባም። «ላዎዋይ» የሚለው ቃል የውጭ አገር ሰው ማለት ነው እንጂ በራሱ ስድብ አይደለም። በክፍለ ሀገር ከተሞቻችን ነጭ ሰው ሲያልፍ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ እንደሚከተሉት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

ይህ ሲባል ግን ንቀት የሚባል ነገር የለም ለማለት አይደለም። ታክሲ አልፏቸው እንደሚሄድ፣ አከራይ በስልክ ከተስማማ በኋላ መልካቸውን ሲያይ ቃሉን እንደሚለውጥ የሚናገሩ ጥቁር ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። ከመጓጓት የመጣውን ትኵርታና ከንቀት የመጣውን መገለል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የጥንት ምስክሮች

በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው የሞሮኮ ተወላጅ ኢብን ባቱታ ወደ ቻይና ተጓዝሁ ብሎ ባስጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬም የሚያስደንቅ ምስክርነት ይገኛል። ቻይና ለመንገደኛ ከአገሮች ሁሉ ይልቅ ሰላም ያለባት መሆኗን፣ አንድ ሰው ብዙ ገንዘብ ይዞ የወራት መንገድ ብቻውን ቢጓዝ እንኳ እንደማይፈራ ይናገራል። በየእንግዳ ማረፊያው ሹሙ ከጸሐፊው ጋር ሲመሽ እየመጣ የእንግዶቹን ስም ይመዘግብና በሩን ይዘጋ ነበር። ሲነጋም በየስማቸው ጠርቶ እስከሚቀጥለው ማረፊያ የሚያደርሳቸው ሰው ይሰጣቸው ነበር። የውጭ አገር ነጋዴ በአንድ ነዋሪ ነጋዴ ቤት ሲያርፍም፣ ገንዘቡ ተቈጥሮ ለባለቤቱ በኀላፊነት ይሰጣል፤ የጐደለ ቢኖር ባለቤቱ ይከፍላል። ይኸው መንገደኛ ግን ይህን ሁሉ እያመሰገነ፣ የአገሩ ልማድ ስለ ከበደው ከማረፊያው መውጣት እንደማይወድ፣ የሃይማኖቱን ሰዎች ባገኘ ጊዜም ዘመዶቹን ያገኘ ያህል ደስ ይለው እንደ ነበር አልሸሸገም። ሥርዓቱ ንብረቱን ጠበቀለት እንጂ ልቡን አላሞቀለትም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ደግሞ በካንቶን፣ ማለት በዛሬይቱ ጓንግዡ፣ እናገኛለን። ከ1757 ጀምሮ እስከ 1842 ድረስ በባሕር የሚመጡት የምዕራብ አገር ነጋዴዎች እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በዚህች ከተማ ብቻ ነበር። ከከተማው ቅጥር ውጭ በወንዝ ዳር በተሠሩ ቤቶች ተወስነው ይቀመጣሉ፤ ሚስቶቻቸውን ይዘው መግባት አይችሉም፤ የንግዱ ወራት ሲያልፍ ወደ ማካው ይሄዳሉ። ፈቃድ ከተሰጣቸው ጥቂት የቻይና ነጋዴዎች በኩል ካልሆነ በቀር መነገድ አይችሉም ነበር። ለእንግዳ ከዚህ የጠበበ ሥርዓት ማሰብ ያስቸግራል። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን በካንቶን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ነጋዴ ዊልያም ሃንተር በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ ከባለፈቃዶቹ ሁሉ ባለጠጋ የነበረው ሐውኳ፣ በ72 ሺህ ዶላር ዕዳ ምክንያት ወደ አገሩ መመለስ ያቃተውን አንድ አሜሪካዊ ጠርቶ የዕዳውን ወረቀት በፊቱ ቀድዶ አሰናብቶታል። ከተማው ተዘግቶ ሳለ ሰውየው ክፍት ነበር ማለት ነው።

አራት ከተሞች

ጓንግዡ ዛሬ ከማናቸውም የቻይና ከተማ ይልቅ ለአፍሪካ ነጋዴ የታወቀች ናት። ከ1957 ጀምሮ የሚደረገውና አሁን በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት የሚቆመው ታላቅ የንግድ ትርኢት ገዢዎችን ከዓለም ማእዘን ሁሉ ይሰበስባል። በ2024 በሚያዝያው ትርኢት ብቻ ከ240 ሺህ የሚበልጡ የውጭ አገር ገዢዎች ተገኝተዋል። በሺያዎቤይ ሰፈር አፍሪካውያን ለብዙ ዓመታት ልብስ፣ ጫማና የቤት ዕቃ ሲገዙ፣ ከሻጮቹም ጋር በቤተሰብ ደረጃ ሲተዋወቁ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በሚያዝያ ወር 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ አያሌ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል እንዲወጡ ተደርገው በመንገድ ላይ አድረዋል፤ በምግብ ቤት በር ላይም ተከልክለዋል። በፔኪንግ የሚገኙት የአፍሪካ አምባሳደሮች በአንድነት ለቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያም በኋላ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር አስተዳደር በሱቅ፣ በሆቴልና በቤት ኪራይ አድልዎ እንዳይደረግ የሚያዝ ደንብ አወጣ። የዓመታት ወዳጅነት በአንድ ሳምንት ውስጥ በር ሊያስከፍት አለመቻሉ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ነው።

ዪዉ በዠጅያንግ ክፍለ ሀገር የምትገኝ፣ ጥቃቅን ሸቀጥ በጅምላ የሚሸጥባት ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን ነዋሪዎቿ በትከሻቸው ስኳር ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ በዶሮ ላባ የሚለውጡ አዟሪዎች ነበሩ። ዛሬ ታላቁ ገበያዋ 75 ሺህ ያህል የመሸጫ ስፍራዎች አሉት። ሻጩ ሁሉ እንግዳውን «ፐንግዮው» ማለት «ወዳጄ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሂሳብ ማሽኑንም አቅርቦ ዋጋውን በቍጥር ያሳየዋል። በዚህችም ከተማ ቢሆን በ2011 መጨረሻ ላይ፣ አሠሪያቸው ዕዳ ጥሎ የኰበለለባቸው ሁለት ህንዳውያን በአበዳሪዎች እጅ ተይዘው ስለ ቆዩ፣ የህንድ ኤምባሲ ነጋዴዎቹ ከዪዉ ጋር እንዳይገበያዩ እስከ ማስጠንቀቅ ደርሶ ነበር። በ2013 ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ያሉበትን የንግድ ክርክር የሚያስታርቅ ሸንጎ በከተማይቱ ተቋቋመ፤ ከአስታራቂዎቹም መካከል እዚያው የሚነግዱ የልዩ ልዩ አገር ዜጎች ይገኛሉ። «ወዳጄ» ከሚለው ጥሪ ይልቅ ለእንግዳው የሚበልጠው ጥቅም ይህ ሸንጎ ነው።

ሸንዠን ከሆንግ ኮንግ አጠገብ የምትገኝ ስትሆን፣ በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ክልል ተብላ ከተሰየመች ወዲህ ያደገች ከተማ ናት። በ2020 የነዋሪዎቿ ቍጥር 17 ሚሊዮን ተኩል ደርሶ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ራሱ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ስለ ሆነ «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ክብደት የለውም፤ «የመጣ ሁሉ የሸንዠን ሰው ነው» የሚለውም ቃል የከተማይቱ መፈክር ነው። የኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች በዚህች ከተማ ብዙ ሽርጉድ ባያዩም ሥራቸው ፈጥኖ ያልቅላቸዋል።

ሻንጋይን በተመለከተ፣ በ2010ዎቹ ዓመታት ለውጭ አገር ባለሙያዎች ይቀርብ በነበረው መጠይቅ ለሥራና ለኑሮ ከምትመረጡት የቻይና ከተሞች ደጋግማ አንደኛ ሆናለች። ስሟ ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር፤ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከናዚዎች የሸሹ 20 ሺህ ያህል አይሁድ የተጠለሉት በዚህች ወደብ ነው። የተጠለሉትም በጊዜው በወደቡ ላይ ቪዛ የሚጠይቅ ባለ ሥልጣን ስላልነበረ ነው። በ2022 ግን ከተማይቱ በወረርሽኙ ምክንያት ለሁለት ወር ያህል ተዘግታ በነበረ ጊዜ፣ ብዙ የውጭ አገር ነዋሪዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። አንዱ ከተማ በአንድ ዘመን በሥርዓቱ ሲያስጠጋ፣ በሌላ ዘመን በሥርዓቱ ያርቃል።

ፊት የሚመስል ነገር ግን ደንብ የሆነ

እንግዳው «ጠሉኝ» ብሎ ከሚተረጕማቸው ነገሮች ብዙዎቹ ደንቦች ናቸው። በቻይና ሕግ የውጭ አገር ሰው ባረፈበት ስፍራ በ24 ሰዓት ውስጥ በፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ሲያድር ምዝገባውን የሚፈጽምለት ሆቴሉ ነው፤ በወዳጁ ቤት ቢያድር ግን ምዝገባውን ራሱ ወይም ያሳደረው ሰው መፈጸም ይገባዋል። አያሌ ትንንሽ ሆቴሎች ምዝገባውን ስለማያውቁት ወይም ስለሚፈሩት እንግዳን «አንቀበልም» እያሉ ይመልሱ ነበር። በ2024 መንግሥት ይህ ምክንያት እንዳይቀርብ መመሪያ አውጥቷል። ሆኖም በትንሽ ከተማ ውስጥ ለሚያድር ሰው አስቀድሞ መጠየቁ ይበጃል።

የገንዘብም ነገር እንዲሁ ነው። ገበያው ሁሉ በስልክ ስለሚከፈል፣ በእጁ ገንዘብ የያዘ እንግዳ ከሻይ ቤት እንኳ ሲመለስ ኖሯል። ከ2023 ጀምሮ ግን አሊፔይና ዊቻት የተባሉት የስልክ መክፈያዎች የውጭ አገር የባንክ ካርድ ይቀበላሉ፤ በወረቀት ገንዘብ አልቀበልም ማለትም በአገሩ ደንብ የተከለከለ ነው።

ይሉኝታና ግብዣ

የጠባይን ነገር ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው። ቻይናውያን «ሚየንዝ» የሚሉት ቃል ትርጕሙ ፊት ማለት ሲሆን፣ ከእኛ ይሉኝታ ጋር የተቀራረበ ነው። በሰው ፊት የተዋረደ ሻጭ ዋጋ ቢቀንስ እንኳ በዕቃው ጥራት ይበቀላል። «አይመችም» ወይም «እናስብበታለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እምቢታ ነው። እንግዳን በር ፊት ለፊት በሚያሳየው የክብር ወንበር አስቀምጦ፣ የምግቡን ምርጥ በሳሕኑ ላይ እያኖረ የሚጋብዝ ሰው በማግሥቱ በዋጋው ይጸናል። ግብዣው የእውነት አክብሮት ነው፤ ዋጋውም የእውነት ዋጋ ነው፤ አንዱ ለሌላው መያዣ አይሆንም።

ወደዚያ ለሚሄድ ነጋዴ

አገራችንና ቻይና ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የጀመሩት በ1970 ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ1973 ጀምሮ ወደ ቻይና ይበራል። ከዚህ ሁሉ ዘመን ጕርብትና በኋላ ነጋዴያችን አንድን ከተማ ሊመዝን የሚገባው በአራት ጥያቄዎች ነው።

አንደኛ፣ የት አድራለሁ፤ ማንስ ያስመዘግበኛል?

ሁለተኛ፣ በምን እከፍላለሁ፤ ደረሰኙስ በማን ስም ይጻፋል?

ሦስተኛ፣ ዕቃው ተበላሽቶ ቢመጣ ክርክሬን የሚሰማ ማን ነው? በዚህ ረገድ ውሉ በቻይንኛም ተጽፎ የድርጅቱ ቀይ ማኅተም ያረፈበት ሊሆን ይገባል። ያልተቋጨ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያለበትን የውጭ አገር ሰው ፍርድ ቤት ከአገር እንዳይወጣ ለማገድ ሥልጣን ያለው መሆኑንም፣ ወኪል የሚልክ ነጋዴ አይዘንጋ። በሌላው ዕዳ የሚያዘው ወኪሉ ሊሆን ይችላልና።

አራተኛ፣ በክፉ ቀን በር የሚከፍትልኝ ማን ነው? የወገን ማኅበር፣ የሃይማኖት ቤት፣ ወይም ቆንስላ በቅርብ መኖሩን ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ከተማ፣ ሰዎቹ ፊታቸው የተኰሳተረ ቢሆንም፣ ለነጋዴ መልካም ከተማ ነው። ፈገግታ ቢጨመርበት እሰየው፤ ፈገግታ ምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ የሚጠየቀው ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ነው።