«ጉልበትዎ ይቀየራል» ሲባል ምን ማለት ነው? ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪምና ታካሚ ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ

በአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ የጉልበት ሞዴል ይገኛል። ሐኪሙ ሞዴሉን እያጠፈና እየዘረጋ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ የሚገጠመውን የሚያብረቀርቅ ብረት፣ በቅልጥም አጥንት አናት ላይ የሚቀመጠውን ዝርግ ብረትና በሁለቱ መካከል የሚገባውን ነጭ ፕላስቲክ ያሳያል። ብዙ ታካሚዎች በዚህ ጊዜ ይገረማሉ። «ጉልበት ይቀየራል» ሲባሉ ያሰቡት፣ የመኪና ዕቃ ወጥቶ አዲስ እንደሚገባው ሁሉ፣ ጉልበታቸው እንዳለ ተነቅሎ በሌላ እንደሚተካ ነበርና።

ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሐኪሙ ከሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ቆርጦ የሚያነሣው በአብዛኛው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን የተጎዳ ክፍል ነው። ጡንቻዎቹም ሆኑ ጉልበቱን ግራና ቀኝ የያዙት ጅማቶች የታካሚው እንደሆኑ ይቀራሉ። የጉልበት ሎሚውም በቦታው ይቆያል፤ አንዳንዴ የውስጥ ገጹ ብቻ በፕላስቲክ ይለበጣል። ሥራው ከመቀየር ይልቅ የተበላሸ ጥርስን ሞርዶ ልባስ ከማልበስ ጋር ይመሳሰላል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን አዲስ የሚሆነው የመገጣጠሚያው ገጽ ብቻ ከሆነ፣ በሕመም ምክንያት ለዓመታት የሰነፈው የጭን ጡንቻ ከቀዶ ጥገናው ማግስትም ያው የሰነፈ ጡንቻ ነው። ብረቱን ሐኪሙ ይገጥማል፤ ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት ግን ለሳምንታት ሕመሙን እየቻለ የሚለማመደው የታካሚው ድርሻ ነው። ይህን ሳይረዳ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባ ሰው ሥራው ያለቀለት መስሎት ይነቃል።

መሣሪያው ራሱ ዛሬ እጅግ የተዋጣለት ነው። ከመነሻው የምህንድስናና የሕክምና የጋራ ልጅ ነበር። ካናዳዊው ፍራንክ ገንስተን ወደ ሕክምና ከመግባቱ በፊት መሐንዲስ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር፣ በራይቲንግተን ሆስፒታል ከጆን ቻርንሊ ዘንድ ሲሠራ፣ ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ የሚዞር ሳይሆን እየተንከባለለና እየተንሸራተተ የሚታጠፍ መሆኑን ያገናዘበ መገጣጠሚያ ሠራ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970ዎቹ ደግሞ ጆን ኢንሳልና ባልደረቦቹ በኒውዮርክ ለዛሬዎቹ ንድፎች መሠረት የሆነውን ሰው ሠራሽ ጉልበት አዘጋጁ። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሙሉ በሙሉ ከተገጠሙ 100 ሰው ሠራሽ ጉልበቶች 82 ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም አገልግሎት እየሰጡ ይገኛሉ።

ታዲያ ይህን ያህል የሚበረክት መሣሪያ ሁሉንም ታካሚ የማያስደስተው ለምንድን ነው? በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በ1,703 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከተገጠመላቸው ሰዎች 19 በመቶው በውጤቱ እንዳልረኩ አሳይቷል። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ለቅሬታው ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮችን ሲመረምሩ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ዕድሜም ሆነ ጾታ አልነበረም፤ ታካሚው አስቀድሞ የጠበቀውና በኋላ ያገኘው አለመገናኘታቸው ነበር። የጠበቁትን ያላገኙ ሰዎች ቅር የመሰኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚደረገው ንግግር የሕክምናው አካል እንጂ ፎርም ለማስፈረም ብቻ የሚደረግ ወግ አይደለም።

ጉልበት ስንት ዲግሪ ይታጠፋል?

በደልዳላ መንገድ ለመራመድ ጉልበት 70 ዲግሪ ያህል ቢታጠፍ ይበቃዋል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ወይም ከወንበር ለመነሣት ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ያስፈልጋል። ቁጢጥ ለማለት ወይም ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን እስከ 150 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። አብዛኛው ሰው ሠራሽ ጉልበት ደግሞ የሚታጠፈው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አስቀድሞ የሚጠቁመው ዋነኛው ነገር ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረው መተጣጠፍ በመሆኑ፣ ሐኪሙ በመጀመሪያው ምርመራ ጉልበቱን በማዕዘን መለኪያ ይለካዋል።

ዕድሜውን በወንበርና በሶፋ ላሳለፈ ሰው እነዚህ ቁጥሮች ብዙም ትርጉም ላይኖራቸው ይችላል። በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ለምትሰግድ እናት፣ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ ለሚወርድ አባት፣ ከረከቦት አጠገብ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጣ ቡና ለምታፈላ ሴት ግን ከሌላው ማብራሪያ ሁሉ የሚቀድሙት እነዚህ ናቸው። ብዙ ሐኪሞች ቁስሉ ከዳነ በኋላ መንበርከክ በራሱ መገጣጠሚያውን እንደማይጎዳ ይናገራሉ። ይሁንና ብዙ ታካሚዎች መንበርከክ አይመቻቸውም። በስፌቱ ውጫዊ ጎን ያለው ቆዳ ሊደነዝዝ ይችላል፤ በቀዶ ጥገናው መሥመር ላይ የሚያልፍ ትንሽ ነርቭ ስለሚቆረጥ ድንዛዜው ሳይለቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በሁለቱም ሃይማኖቶች ሕመምተኛ አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲያመልክ የተፈቀደለት ቢሆንም፣ ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይን አስቀድሞ አስቦ የተቀበለ ሰውና ከቀዶ ጥገናው በኋላ በድንገት የተገነዘበ ሰው ሐዘናቸው አንድ አይደለም።

ሐኪሙ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት? በብሪታንያ ጥያቄው በ2015 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በታየ መዝገብ መልስ አግኝቷል። ናዲን ሞንትጎመሪ የስኳር ሕመም ያለባት ነፍሰ ጡር ነበረች። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሕፃኑ ትከሻ በወሊድ ጊዜ ሊያዝ እንደሚችል ሐኪሟ ብታውቅም ሳትነግራት ቀረች፤ ሕፃኑም ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ፍርድ ቤቱ ለእናቲቱ ፈረደላት። ከዚያ ወዲህ መመዘኛው ሌሎች ሐኪሞች ምን ይናገሩ ነበር የሚለው ሳይሆን፣ በታካሚዋ ቦታ ያለ ሰው የትኛውን አደጋ እንደ ቁም ነገር ይቆጥረዋል የሚለው ሆነ። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ስግደት የሕይወቷ ክፍል ለሆነ ታካሚ የመንበርከክ ችግር ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው። ሆኖም ሐኪሙ ስለ ስግደቷ የሚያውቀው ከነገረችው ነው።

አስቸጋሪው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሐኪምን በሚያከብር ባህል ያደገ ታካሚ «አንተ እንዳልክ ይሁን ዶክተር» ብሎ ያጸድቃል፤ ጥያቄ ማብዛት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ባዕድ አገር ሲሆን ደግሞ ቋንቋው ይጨመርበታል። ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። የቤተሰብ ልብ ክፉ ወሬን ማለስለስ ይወዳል፦ «ኢንፌክሽን ሊይዝና እንደገና ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል» የተባለው «ትንሽ ሊያምሽ ይችላል» ሆኖ እናቲቱ ዘንድ ይደርሳል። በመርዶ ጊዜ ርኅራኄ የሆነው ልማድ በሐኪም ፊት መረጃ ይቀንሳል። በዩናይትድ ስቴትስ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ታካሚዎች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ለማስተርጎም መጠቀምም ተከልክሏል። በአካል ባይገኝ እንኳ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚቀርብ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አስቀድሞ፣ ቀጠሮው ሲያዝ፣ መጠየቅ ይቻላል።

በደንብ የተተረጎመም ቢሆን ከተነገረው ብዙው ይረሳል። ጥናቶች እንደሚሉት ታካሚ በሐኪም ቤት ከሰማው መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው ይዘነጋዋል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪሞች «ገባዎት?» ብለው አያልፉም፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። «በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ፣ ቤት ሲገቡ ለልጆችዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ፈተናው የታካሚው ሳይሆን የሐኪሙ መሆኑን ያጤኗል።

ላለማድረግም መወሰን ይቻላል

የተሟላ መረጃ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ሌላው አማራጭ ነው። በዴንማርክ በ100 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት ከሁለቱም ወገን የሚጠቀስ እውነት አለው። ቀዶ ጥገናና ልምምድ አንድ ላይ ያገኙት በልምምድ፣ በክብደት ቅነሳና በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት የበለጠ መሻሻል አሳይተዋል፤ ከባድ የጤና እክልም የበዛው በእነሱ ላይ ነው። ያለ ቀዶ ጥገና ከታከሙት 50 ሰዎች ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ጥገና የዞሩት 13 ብቻ ነበሩ።

በዋሽንግተን ግዛት፣ ግሩፕ ሄልዝ የተባለው የጤና ተቋም ጥቅሙንም ጉዳቱንም በእኩል የሚያስረዱ ቪዲዮዎችንና መጽሔቶችን ለታካሚዎች ማዳረስ ከጀመረ በኋላ የጉልበት ቅየራ ቁጥር በ38 በመቶ መቀነሱ በ2012 ተዘግቧል። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የነበረውን ያነጻጸረ እንጂ ታካሚዎችን በዕጣ የመደበ ባለመሆኑ ለቁጥሩ ሙሉ እምነት መስጠት አያስፈልግም። ቢያንስ ግን፣ በቂ ማብራሪያ ቢያገኙ ኖሮ መቆየትን የሚመርጡ ሰዎች ጥቂት እንዳልሆኑ ይጠቁማል። የጉልበት ቅየራ እምብዛም የአስቸኳይ ጊዜ ሕክምና አይደለም፤ «ላስብበትና ልመለስ» ማለት ነውር የለበትም።

ውሳኔው ቀዶ ጥገና ከሆነ ዝግጅቱ ከሳምንታት በፊት ይጀምራል። ሐኪሞች ከምንም በላይ የሚፈሩት በብረቱ ዙሪያ የሚፈጠር ኢንፌክሽንን ነው። ከመቶ ታካሚ በአንዱ ገደማ የሚደርስ ቢሆንም፣ ሲደርስ ተጨማሪ ቀዶ ጥገና፣ አንዳንዴም የተገጠመውን አውጥቶ እንደገና መግጠም ያስከትላል። የስኳር መጠን እንዲስተካከል፣ ሲጋራ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት እንዲቆም፣ የተበላሸ ጥርስ አስቀድሞ እንዲታከም የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። እግርን ለንጽሕና ብሎ በምላጭ መላጨትም አይመከርም፤ ዓይን የማያየው ጭረት ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። የደም ማነስ ካለም አስቀድሞ ይታከማል፤ ረጅም ጾም የያዘ ታካሚ ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ሌላው ሳይነገር የሚቀር ነገር ከአገር ቤት የመጣው መድኃኒት ነው። የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ክኒኖችን ጨምሮ አንዳንድ ዕፀዋት ደም የመርጋት ባሕርይን ይለውጣሉ፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። ከሰመመን በፊት ስላለው ጾምም አለመግባባት አለ። በተለመደው መመሪያ ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ንጹሕ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። ጾም የለመደ ሰው ከማታ ጀምሮ ውሃ አለመቅመሱን እንደ ትጋት ሊቆጥረው ይችላል፤ ሐኪሞቹ ግን ሰውነቱ ደርቆ እንዲመጣ አይፈልጉም። የሆስፒታሉን መመሪያ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መከተል ይበቃል።

ብዙ ሆስፒታሎች ታካሚውን ከአስታማሚው ጋር ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ትምህርት ይጠራሉ። አስታማሚው መምጣቱ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተለየ ጥቅም አለው፤ ደግ ዘመድ ሳያውቅ የሚሠራቸው ስሕተቶች አሉና። ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ ምቾት ይሰጣል፤ ነገር ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ እንዲደርቅ ያደርጋል። «አርፈሽ ተኚ» የሚለው የጠያቂ ምክር ደም በእግር ሥር እንዲረጋ ያግዛል። ቤት የሞላው ጠያቂ እስኪሄድ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ የምታስተናግድ እናት የልምምድ ሰዓቷ ያልፋታል። በመተላለፊያው ላይ ያለው ምንጣፍ መነሣቱ፣ መታጠቢያው ውስጥ ወንበር መግባቱ፣ አልጋው ከፎቅ ወደ ምድር ቤት መውረዱ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ወደ አገር ቤት ለመብረር ያሰበ ሰውም ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይምከርበት፤ ደም የመርጋት ሥጋት ስላለ ረጅም በረራን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር እንዲያዘገይ ሊነገረው ይችላል።

በዕለቱ ታካሚው ስሙንና የሚሠራለት ጉልበት የትኛው እንደሆነ ነርሷም፣ የሰመመን ሐኪሙም፣ ቀዶ ሐኪሙም እየደጋገሙ ይጠይቁታል። አላዋቂነት የሚመስለው ይህ ድግግሞሽ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የተሳሳተ እግር እንዳይቀደድ። ቀዶ ሐኪሙ በማይለቅ ቀለም እግሩ ላይ ምልክት ይጽፋል። ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ ሰመመን የሚታከም ሰው፣ በማረጋጊያ መድኃኒት መካከል የመጋዝና የመዶሻ ድምፅ ሊሰማ እንደሚችል አስቀድሞ ከተነገረው አይደነግጥም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ዎከሩን እየገፋ ወደ አልጋው ይመጣና እንዲቆም ይጠይቀዋል።