እሳትን ወደ ፊኛ የማስገባት ታሪክ

አትክልት ተራ ቲማቲም ነግዶ ለሚያድር ሰው ሆስፒታል መተኛት ድርብ ኪሳራ ነው፤ ዕቃው ይበሰብሳል፣ ደንበኛው ይበተናል። የሽንት ፊኛ ዕጢ ደግሞ አንዴ ታክመው የሚገላገሉት አይደለም፤ ተቆርጦ ከወጣ በኋላም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ታዲያ በተመለሰ ቁጥር ሙሉ ሰመመን ወስዶ መተኛት ግድ ነው? መልሱ እስኪገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

መጀመሪያ ማየት ያስፈልግ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ እ.ኤ.አ. በ1806 የሻማ ብርሃን በመስታወት እየመለሰ ወደ ሰውነት ውስጥ ለማየት ሞከረ፤ ብርሃኑ ግን አልበቃም። በ1877 ማክሲሚሊያን ኒትዜ ድሬስደን ላይ ዘዴውን ቀየረ። ጓዳ ያለውን ለማየት የሚሻ መብራቱን ደጅ አያቆምምና፣ በኤሌክትሪክ የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ በውሃ እያቀዘቀዘ በሽንት ቧንቧ በኩል እስከ ፊኛው አደረሰ። ሲስቶስኮፕ የተባለው መሣሪያ ይህ ነው።

ዕጢው ታየ፤ ለማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ሆድ መቀደድ ነበረበት። በ1910 ኒውዮርክ ውስጥ ኤድዊን ቢር በሲስቶስኮፑ ሽቦ አሳልፎ ዕጢውን በኤሌክትሪክ አቃጠለው፤ በውሃ በተሞላ ፊኛ ውስጥ እሳቱ ሠራ። ኤሌክትሪክ ግን የራሱ አደጋ አለው። በፊኛው ጎን የሚያልፈውን ነርቭ ከቀሰቀሰ እግር በድንገት ይወራጫል፣ መሣሪያውም ፊኛውን ሊበሳ ይችላል።

በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ፤ በ1970ዎቹ የሙኒክ ሐኪሞች ለፊኛ ዕጢ ተጠቀሙበት። ሌዘር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ ነርቩን አይቀሰቅስም። ሆኖም የያኔው የኒዮዲሚየም ሌዘር ሙቀት ጠልቆ ስለሚገባ ከፊኛው አልፎ አንጀትን ሊጎዳ ይችል ነበር። በኋላ የመጣው የሆልሚየም ሌዘር ይህን ፈታ፤ ብርሃኑን ውሃ ወዲያው ስለሚመጠው ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም።

የቀረው ሕመሙ ነበር። ለዚህ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 የሠራው ሊዶኬይን ደረሰ። ዛሬ እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ሐኪሙ የሽንት ቧንቧውን በሊዶኬይን ጄል ያደነዝዛል፣ በተጣጣፊ ሲስቶስኮፕ ቀጭን የሌዘር ፋይበር አስገብቶ ዕጢውን ያቃጥላል። ታካሚው አይተኛም፤ በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሕክምናው ለሁሉም አይሆንም። የሚጠቅመው ትንንሽ ለሆኑ፣ ተመልሰው ለመጡና አደገኝነታቸው ዝቅተኛ መሆኑ ቀድሞ ለተረጋገጠ ዕጢዎች ነው። አዲስ ዕጢ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ የተቃጠለው አይመረመርም።

ትልቁ ቁም ነገር በጊዜ መምጣት ነው። የዕጢው ዋና ምልክት ሕመም የሌለው፣ አንዴ ታይቶ ሊጠፋ የሚችል ደም በሽንት ውስጥ ነው። ቀይ ስር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ መቻሉ እውነት ነው፤ በዚያ አሳብቦ መተው ግን ያስጠቃል። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ወይም የሽንት ቢልሃርዚያ በሚገኝበት የአዋሽ ሸለቆ የኖረ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ሽንትዎ ከቀላ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይመርመሩ፤ ደም ከተገኘም እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ፣ የዩሮሎጂ ሐኪም ወደሚገኝበት ሆስፒታል እንዲልኩዎት ይጠይቁ።