ከቬኒስ መጥቶ በኢትዮጵያ የኖረው ሠዓሊና የጣና አካባቢ የሥዕል ቅርስ

በባህር ዳር ዙሪያ፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬትና በጣና ሐይቅ ደሴቶች የሚገኙ ገዳማት ግድግዳ የሚያጌጡት ሥዕሎች የአገር ውስጥ ትውፊትና ከውጭ የገባ ተጽዕኖ ተዋህደው ያፈሯቸው ናቸው። ከባሕር ማዶ መጥተው ለዚህ ውህደት አስተዋጽኦ ካደረጉትና ስማቸው ተመዝግቦ ከቆየው ጥቂት ሠዓሊያን አንዱ የቬኒስ ተወላጁ ኒኮሎ ብራንካሌዎን ነው።

ብራንካሌዎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1480 አካባቢ፣ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ በአፄ ናዖድና በአፄ ልብነ ድንግል ዘመንም በሥራው ቀጥሏል። በአገሬው ዘንድ መርቆሬዎስ በሚል ስም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልዕክተኞች ጋር በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሠዓሊውን በአካል ያገኘው ሲሆን፣ ለ40 ዓመታት ያህል በአገሪቱ የኖረ፣ ሀብትና ክብር ያለው ሰው መሆኑን ጽፏል።

የሠዓሊው የትውልድ ከተማ የኢጣሊያ ጥበብና የቢዛንታይን ቅዱሳት ሥዕላት የሚገናኙባት የንግድ ማዕከል ነበረች። ይህም እመቤታችንን ከልጇ ጋር፣ ቅዱሳንንና ሕማማተ ክርስቶስን በሚያሳዩት ሥራዎቹ ላይ ይንጸባረቃል። በአንጻሩ ትዕዛዝ ሰጪዎቹ ኢትዮጵያውያን ስለነበሩ የአገሩን እምነትና ልማድ መከተል ነበረበት። ሕፃኑን ኢየሱስን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ፣ ግራ ከቀኝ ያነሰ ክብር ይሰጠው ስለነበር፣ ቅሬታ መቀስቀሱ ይተረካል።

ይሁን እንጂ ለውጡ በአንድ ሰው ብቻ የመጣ አይደለም። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ብራንካሌዎን ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በጣና ደሴት ለሚገኘው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የእመቤታችንን ሥዕል አዘጋጅቷል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተካሄደው ጦርነት በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕሎቻቸው ቢወድሙም፣ ጥበቡ በጎንደር ዘመን ዳግም አብቧል። ለዚህም በደቅ ደሴት በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራው ናርጋ ሥላሴ ምስክር ነው።

በዚህ ትውፊት ዛፍ፣ ተራራና ውሃ ቅዱሳኑን ለማጀብ እንጂ ራሳቸውን ችለው አይሣሉም ነበር። በሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት የሥዕሉ መደብ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ በቀስ እየተሸጋገረ መቀባት ጀመረ። መልክዓ ምድር ራሱን የቻለ የሥዕል ርዕስ የሆነው ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ ነው።

በገዳማቱ የሚገኙት ሥዕሎች አብዛኞቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ በመሆናቸው ጣራው ሲያፈስ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። በበጎ ሐሳብ በአዲስ ቀለም ደርቦ መቀባትም የቀድሞውን ሠዓሊ እጅ ያጠፋል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ የደነገገውም ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት ለመጠበቅ ነው።

ብራንካሌዎን ዛሬ የሚታወቀው ስሙን በሥራው ላይ በማስፈሩና የዓይን ምስክር ስለ እርሱ በመጻፉ ነው። ስማቸው ያልተጻፈው የአገሬው ሠዓሊያን ግን መታወቂያቸው ሥዕሉ ብቻ ነው። በመሆኑም በየገዳሙ ያለውን ሥዕል በፎቶግራፍና በጽሑፍ መመዝገብ፣ ጣራውንም ከክረምት በፊት መፈተሽ፣ በየደረጃው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ከገዳማቱ አስተዳዳሪዎች ጋር ሆነው ሊያከናውኑት የሚገባ ተግባር ነው።