ፎቶ አንሺውም ይግባ!

እስቲ የቤተሰብዎን የፎቶ አልበም ይግለጡት። በዓሉ፣ ልደቱ፣ ምርቃቱ ሁሉ አለ። የሚጎድለው ፎቶ አንሺው ነው፤ ብዙ ጊዜም እናት ናት። ጓዳ ስትሯሯጥ የዋለችው የቤት ሠራተኛማ ጭራሽ አትታይም።

ስፔናዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1656 ከዚህ የተለየ ሥዕል ሠራ። ስሙ «ላስ ሜኒናስ» ነው፤ ደንገጡሮቹ ማለት ነው። ዛሬ በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም የሚገኘው ይህ ሥዕል ቁመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። መሃል ላይ የ5 ዓመቷ ልዕልት ማርጋሪታ ቆማለች። አንዷ ደንገጡር ተንበርክካ በትሪ ትንሽ ቀይ ማሰሮ ታቀርብላታለች። ሠዓሊው ራሱም ብሩሹን ይዞ ከትልቁ ሸራ አጠገብ ይታያል። ንጉሡና ንግሥቲቱስ? ከኋላ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መስታወት ውስጥ ብቻ!

በሚቀጥለው እሑድ ይህን ሥዕል ሳሎንዎ ውስጥ በቤተሰብዎ ይሥሩት።

በመጀመሪያ ሥዕሉን ከኢንተርኔት አውጥታችሁ ለ5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። ልጆቹ ሰዎቹን ይቁጠሩ፤ በመስታወቱ ውስጥ ካሉት ጋር 11 ናቸው። ማን ወደ ማን ያያል? ብርሃኑ ከየት ይገባል? ከቀኝ በኩል ካለው መስኮት መሆኑን ሲደርሱበት፣ የእናንተንም መስኮት በቀኝ አድርጉት።

ከዚያ ዕቃ ፈልጉ። ትልቅ ካርቶን ሸራ ይሆናል፤ ነጠላ የልዕልቷ ቀሚስ፣ ቀይ ኩባያ ማሰሮው፣ ትራስ ደግሞ ወለሉ ላይ የተኛው ውሻ። ሰው ካነሰ ከኋላ የቆሙትን ይተዉ። ስልኩን ንጉሡና ንግሥቲቱ ቆመውበታል ተብሎ በሚታሰበው ቦታ፣ ማለትም ከሁሉም ፊት ለፊት አስቀምጡና በ10 ሰከንድ እንዲያነሳ ሙሉት።

ሚና ሲከፋፈል ብሩሹን ለእናት ስጡ። የቤት ሠራተኛዋንም ጠይቋት፤ ደስ ካላት ልዕልቷ እርሷ ትሁን፣ አባወራው ይንበርከክላት። ሳቁ ያኔ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ፎቶ ባያምር አይከፉ። ፒካሶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ ሥዕል እያፈራረሰ ከ40 ጊዜ በላይ ሠርቶታል።

የተሻለውን አሳትመው አልበሙ ውስጥ ያስገቡ። የቬላስኬዝ ደንገጡሮች ስም እስከ ዛሬ ይታወቃል። እርስዎም ከፎቶው ጀርባ የሁሉንም ስም ይጻፉ፤ ማንንም ሳይዘሉ።