ግብር በጐንደር፤ ግንቡንና ጠጁን አብሮ ስለ መጐብኘት

በኢጣልያ አገር፣ በሮማ ከተማና በዙሪያዋ፣ የጥንት ሮማውያንን ፍርስራሽ በመሪ እየተመሩ በእግር መዞርና በመጨረሻው የወይን ጠጅ መቅመስ የታወቀ ጉብኝት ሆኗል። ነገሩ ለመዝናኛ ብቻ የታሰበ ይመስላል፤ ነገር ግን መሠረት አለው። ድንጋዩን የጠረቡትም ወይኑን የተከሉትም የአንድ ሥልጣኔ ሰዎች ስለ ሆኑ አንዱ ሥራ ሌላውን ያስረዳል። በጐንደር ግን ልማዱ እንዲህ አይደለም። እንግዳው ቀን ግንቡን ያያል፤ ማታ ጠጅ ቤት ገብቶ ብርሌ ይጨብጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኝለት ሰው እምብዛም አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግንቡና ጠጁ በምን እንደሚገናኙ መግለጽና መሪው እንግዳውን በእግር ሲያዞር በምን ተራ ቢያሳየው እንደሚሻል ማመልከት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ሁለት ቃላት

ከወይን ዘለላ የሚሠራውን መጠጥ በአማርኛ «የወይን ጠጅ» እንለዋለን። በቋንቋችን ዋናው ጠጅ የማሩ ነው፤ የወይኑ በማሩ ስም የተጠራ እንግዳ ነው ማለት ነው። እንግድነቱ ግን የቆየ ነው። በአንደኛው ምዕት ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈውና የቀይ ባሕርን ንግድ የሚዘረዝረው መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ ይቈጥራል። ሁለቱም አገሮች ያን ጊዜ በሮማውያን ግዛት ውስጥ ነበሩ።

ሁለተኛውና ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ቃል «ግብር» ነው። ገበሬው ለባለ ርስቱ፣ ለገዢው ወይም ለንጉሡ የሚያገባው ማርና እህል ግብር ይባላል። ንጉሡም በአዳራሹ መኳንንቱንና ሠራዊቱን ሰብስቦ የሚያበላውና የሚያጠጣው ግብር ይባላል። አንዱ ግብር ያገባል፤ ሌላው ግብር ያበላል። ቃሉ አንድ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመስክ የወጣው ማር ተመልሶ በብርሌና በዋንጫ የሚቀርብበት ቦታ አዳራሹ ነበርና። እንግዲህ የጐንደርን ግንብና የጐንደርን ጠጅ የሚያስተሳስረው ይህ ቃል ነው እንላለን።

2ኛ፤ በግቢው ውስጥ

ጉዞው ከጃን ተከል አደባባይ ቢጀመር መልካም ነው። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ከተማይቱን ዋና መቀመጫቸው ያደረጉት በ1636 ገደማ ነው። ከእርሳቸው በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈር ሰፈር ሲዘዋወሩ ይኖሩ ነበር። የዚህም አንዱ ምክንያት ብዙ ሠራዊት በአንድ ቦታ ቢቈይ የአካባቢውን እህልና እንጨት የሚጨርስ መሆኑ ነው። ድንኳኑ ወደ ድንጋይ ሲለወጥ ግብሩም ወደ ሠራዊቱ ሰፈር መሄዱ ቀርቶ ወደ አንድ ከተማ ይጐርፍ ጀመር። መሪው ይህን በበሩ ላይ ሳለ ቢናገር እንግዳው ያን ሁሉ ግንብ ለምን እንደሚያይ ያውቃል።

ግቢው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የታጠረ ሲሆን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 ነው። የበሮቹም ስም ራሱ የቤተ መንግሥቱን ሥራ ክፍፍል ያስተምራል፤ ወንበር በር የዳኞች፣ አደናገር በር የፈታዮች፣ እምቢልታ በር የእምቢልተኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የፋሲል ግንብ ይታያል፤ በአራቱ ማዕዘን እንቍላል የሚመስል ጕልላት ያላቸው ማማዎች ቆመውበታል። ይህን ግንብ ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚለው አነጋገር በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። ሆኖም ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ካገር ያስወጡ ንጉሥ መሆናቸውን፣ ከጐንደርም በፊት በእንፍራዝ የዐፄ ሠርጸ ድንግል (1563–1597) የጉዛራ ግንብ መኖሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። ድንጋዩን የሚያያይዘው ኖራ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1936–1941) የተደረገው እድሳት በሲሚንቶ ስለ ነበረ ለጥንቱ ግንብ አልተስማማም፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመልሰዋል።

ቀጥሎ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዞች ቦምብ የተጐዳው የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዜማ ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብም ግንብ አሉ። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ማረፊያ የዐፄ በካፋ (1721–1730) ረጅም የግብር አዳራሽ ነው። መሪው ጥቂት ዝም ብሎ እንግዳው የአዳራሹን ርዝመት በዓይኑ እንዲለካ ቢፈቅድለት ይበጃል። ይህን ያህል ቤት የተሠራው ለመኝታ አይደለም፤ ብዙ ሰው በማዕርጉ ተራ ተቀምጦ እንዲበላና እንዲጠጣ ነው። ማን ከንጉሡ አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ ለማን ጠጅ እንደ ተቀዳለት ሁሉም ያያል። ግብሩ የሹመት መግለጫ ነበር።

3ኛ፤ ጠጁና ማሰሮው

ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ጠጅ ቤት መሄድ የሚገባው እንግዲህ ነው። መቅመስ ብቻ ሳይሆን አጣጣሉም ሊገለጽለት ይገባል። ጋኑ ወይም እንስራው በሚገባ ታጥቦ በወይራ እንጨት ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል፤ ይህ ብርዝ ለጥቂት ቀን ተከድኖ ይቀመጣል። ከዚያ የጌሾ እንጨት ይጨመርበታል። ጌሾው መራራነትን ይሰጣል፤ መጠጡን ከሚያበላሹ ረቂቅ ሕዋሳትም አንዳንዶቹን ይገታል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ከውጭ የሚገዛ ሳይሆን ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚገኝ ነው። እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይጠለላል። ጠጅ ጣይዋ ባትለካውም በእጇና በአፍንጫዋ የምታውቀው ጥበብ ነው።

ዕቃውንም አለመርሳት ነው። ከጐንደር በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። ቀድሞ የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበረች፤ አብዛኞቹ በ1984ና በ1991 ወደ እስራኤል ካገር ወጥተዋል። በነገሥታቱ ዘመን ከቤተ እስራኤል ወገን ብዙዎቹ ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው በግንቡ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ማዕርግና መሬት የተቀበሉም ነበሩባቸው። ሴቶቻቸው ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ድንጋዩን የገነባው እጅና ጋኑን ያበጀው እጅ የአንድ ቤት እጅ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይሰማ የሄደ እንግዳ የነገሥታቱን ስም ይዞ የሠራተኞቹን ሥራ ትቶ ይሄዳል።

4ኛ፤ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ገበታ

ጠጅ የጌቶች መጠጥ ሆኖ ሲኖር የገበሬው መጠጥ ጠላ ነበር። ወደ ስሜን ተራሮች፣ በጃናሞራ ወረዳ ወዳለችው ወደ መካነ ብርሃን የወጣ ሰው ይህን በግልጥ ያየዋል። እዚያ ያለው ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ድግሱም የሚደገሰው በገብስ ጠላ ነው። ማሩ የሚበዛው አበባና ንብ በሚስማማው ወይና ደጋና ቈላ ነው። መካነ ብርሃን ከጐንደር በአንድ ቀን የእግር መንገድ የምትደረስ አይደለችም፤ ነገር ግን በጉዞው መጨረሻ ከጠጁ ጐን አንድ ጣሳ የገብስ ጠላ ቢቀርብ መሪው ስለ ደጋው ለመናገር ምክንያት ያገኛል። ጠጅ ብቻ የቀመሰ ሰው ግብር የበላውን አውቆ ግብር ያገባውን ሳያውቅ ይቀራል።

5ኛ፤ መጠንቀቅ ስለሚገባው ነገር

አንደኛ፣ ማር ሲወደድ በስኳር የሚጣል ጠጅ አለ። መሪው እንግዳውን የማር ጠጅ ብሎ ወደ ስኳር ጠጅ ቢወስደው ስለ ግንቡ የተናገረውም እውነት ይጠረጠራል፤ በንጹሕ ማር የምትጥለዋም ባለሙያ ገበያዋን ታጣለች። ሁለተኛ፣ አልኮል ለማይጠጣ ሰው፣ ለእስላሙም ሆነ ለጿሚው ወይም ለወጣቱ፣ ሳይብላላ የተበረዘ ብርዝ ማቅረብ ይቻላል፤ ትምህርቱ ያው ነው። ሦስተኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቍስቋምን የሚጐበኝ ሰው ከመጠጡ በፊት ቢሄድ የቦታውን ክብር ይጠብቃል።

ከ2020 ጀምሮ ወረርሽኙ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ የውጭውን ጐብኚ እጅግ አሳንሰውታል። በዚህ ምክንያት መሪውም፣ ጠጅ ጣይዋም፣ ሸክላ ሠሪዋም ገቢያቸው ጐድሏል። የውጭ እንግዳ እስኪመለስ ድረስ ግን ታሪኩን መስማት የሚገባው የአገሩ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ጉብኝት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የግቢው መግቢያ፣ ለመሪው የሚገባው ዋጋ፣ ለጠጅ ጣይዋም የአንድ ብርሌ ሒሳብ ይበቃል። ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ማኅበር ተሰባስበው ቢጀምሩት፣ ግብር ያበሉትንም ያገቡትንም በአንድ ቀን አብረው ሊያውቋቸው ይችላሉ።